አጎበር ውስጥ የሚገባ መብራት

እንቆቅልሽ!

ምን አውቅልህ!

ጭብጥ አትሞላም፤ ቤቱን ግን ትሞላለች። ትጠጣለች እንጂ አትበላም። መጠጧ ሲያልቅ ትሞታለች። ማን ናት?

ይህን ለመፍታት «አገር ስጠኝ» የሚል የይፋት ሰው የለም። መልሱ ኩራዝ ነው። ኩራዝን የማያውቅ ቤት የት አለ? ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን ፊደል የቆጠርነው በኩራዝ ብርሃን ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ቀን ሲያርስ የዋለ ገበሬ ማታ ደብተሩን የሚገልጠው በኩራዝና በፋኖስ ነበር። በዚያው ዘመን መጽሐፍ ያሳትም የነበረ አንድ ድርጅትም «ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት» ይባል ነበር። ብርሃንና ንባብ የአንድ እናት ልጆች ናቸውና።

ታዲያ ዛሬ የምንጽፈው ኩራዝን ለማመስገን ብቻ አይደለም። ኩራዝ ያስተምራል። ኩራዝ ያቃጥላልም። ዛሬ የምንነግራችሁ ስለዚህ ነው። ከኩራዝ የተሻለ መብራት በገዛ እጃችን እንዴት እንደምንሠራም እናሳያችኋለን።

በቆላው ያየነው ቤት

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ናት። መንገደኛ ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥቶ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርድ ጋቢውን ያወልቃል። ታች ሲደርስ ሙቀቱ ይቀበለዋል። አገሩ ለም ነው። ማሽላው፣ ጤፉ፣ ሽንኩርቱ፣ ማሾው ይበቅላል። በአማርኛችን ማሾ ሲባል እህሉም ነው፤ የላምባ መብራቱም ነው። ማሾ ሸጦ ማሾ መግዛት ይቻላል ማለት ነው።

አገሩ ለም ይሁን እንጂ ቆላ ነው። ወባ አለበት። የወባ ትንኝ የምትናከሰው በአብዛኛው ማታና ሌሊት ነው። ስለዚህ ሰው አጎበር ዘርግቶ ይተኛል።

ማሽላው ሊደርስ ሲል ከከተማው ወጥተን ወደ ገጠሩ በእግራችን ሄድን። ጀምበር ስትጠልቅ አንድ ግቢ ደረስን። አባወራው ማማ ላይ ሆነው ማሽላቸውን ሲጠብቁ ውለው መውረዳቸው ነበር።

«ግቡ፣ ግቡ! ቤት ለእንግዳ!» አሉን።

ገባን። ቤቱ ጨለማ ነው። የምድጃው ፍም ብቻ ይታያል። ቡና ተፈላ፤ ቆሎ ቀረበ። ሲኒያችንን የያዝነው በዳሰሳ ነው። ገረመን።

«አባባ፣ መብራት የላችሁም እንዴ?» አልናቸው።

«ነበረን» አሉ። «እኔ ነኝ የከለከልኩት።»

ከዚያ ልጃቸውን ጠሩ። አራተኛ ክፍል ናት። «ነይ እስኪ፣ ክንድሽን አሳያቸው» አሏት። ልጅቱ ወደ ፍሙ ቀረብ ብላ የቀኝ እጅጌዋን ሰበሰበች። ከክርኗ እስከ አንጓዋ ድረስ ቆዳዋ ተጨማዷል።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። የፈተና ሰሞን ነበር። ልጅቱ ማታ ታጠናለች። ትንኙ አላስቀምጥ አላት። ስለዚህ ደብተሯንና ኩራዙን ይዛ አጎበሩ ውስጥ ገባች። ማን ያስባል? ትንኝ እንዳይነክሳት ብላ ነው። ስታነብ ስታነብ እንቅልፍ ጣላት። አጎበሩ ዝቅ ብሎ እሳቱን ነካ።

እናቷ በሽታው ነቁ። አባቷ በባዶ እጃቸው ጎትተው አወጧት። የአጎበር ክር ከፕላስቲክ ዘር ነው። ሲነድ ይቀልጣል፤ ከቆዳም ላይ ይጣበቃል። ክንዷ ላይ ተጣበቀ። ጎረቤት ተሰብስቦ ቅቤ ቀባት። ሲነጋ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። እዚያም መጀመሪያ የሆነው ቅቤውን ማጠብ ነበር። «ከእሳቱ ይልቅ ያኔ ጮኸች» አሉ እናቷ።

«ከዚያ ወዲህ ኩራዝ በቤቴ አይበራም ብዬ ማልኩ» አሉ አባቷ። «እንግዲህ ልጄ ማታ አታነብም። እኔም በስንት ልፋት የያዝኳትን ፊደል እየረሳኋት ነው።»

ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ እንዲህ አለች፦ «አባዬ፣ ቀን እንዳላነብ ከብቱ አለ። ማታ እንዳላነብ ጨለማው አለ። መቼ ላንብብ?»

ዝም አልን። ኩራዙ ይብራ ማለት አንችልም። ልጅቱ ማንበቧን ትተው ማለትም አንችልም። መለወጥ ያለበት መብራቱ ነው።

ኩራዝ ምን ያስከፍለናል?

ኩራዝ ርካሽ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ሲገዛ ርካሽ ነው። ባዶ ጣሳ ወይም የመድኃኒት ጠርሙስ፣ ከቆርቆሮ የተጠቀለለች ቀጭን ቱቦ፣ የጨርቅ ክር፣ በቃ። አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ የሚባል ሠፈር አለ። እዚያ የተጣለ ጣሳና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ እንደገና የቤት ዕቃ ይሆናል። የገጠሩም ባለ እጅ ይህን ያውቅበታል።

ግን ኩራዝ በየቀኑ ይጠጣል። እስኪ እርሳስ አንሡና አብረን እናስላ። አንድ ቤት በሳምንት አንድ ጠርሙስ ላምባ ቢያነድ፣ በዓመት 52 ጠርሙስ ነው። አሁን በገበያችሁ የአንዱን ጠርሙስ ዋጋ ጻፉ። በ52 አባዙት። ስንት ሆነ? ያ ሁሉ ገንዘብ ጭስ ሆኖ በጣራው ወጣ ማለት ነው።

ሁሉም በጣራው ቢወጣ ደግ ነበር። ሳንባችን ውስጥም ይገባል። ማታ ኩራዝ ፊት ተቀምጣችሁ አምሽታችሁ፣ ጠዋት አፍንጫችሁን ስትጠርጉ ጥቁር ነገር ይወጣል አይደል? ያ ጥቀርሻ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2012 የወጣ አንድ ጥናት ይህን መዝኖታል። እንደ ኩራዝ ያለ ክዳን የሌለው መብራት ከሚያነደው ላምባ፣ በክብደት ከመቶው ከ7 እስከ 9 እጅ የሚሆነው ጥቁር ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅትም በፈረንጅ 2014 ባወጣው መመሪያ፣ ላምባን በቤት ውስጥ ማንደድ ቢቀር ይሻላል ብሏል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን እሳቱ ነው። ቆላ ያለ ቤት በሣር የተከደነ ነው። አጥሩ አገዳ ነው። ግቢው ውስጥ የደረቀ የማሽላ አገዳ ተከምሯል። ግልገል ብትሮጥ፣ ሕፃን ቢድህ፣ ኩራዝ ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ ማን ያቆመዋል?

ከሩቅ አገር የመጣ ትምህርት

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ስሪ ላንካ የምትባል ደሴት አለች። እዚያም ድሃው ሕዝብ ጠርሙስ ላይ ክር አድርጎ ያበራ ነበር። ዶክተር ዊጃያ ጎዳኩምቡራ የሚባሉ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በመብራት የተቃጠሉ ሰዎች እየበዙ ሲመጡባቸው አዘኑ። «ቁስሉን ከማከም መብራቱን ማከም ይቀድማል» ብለው ተነሡ ማለት ይቻላል። በፈረንጅ 1992 አንድ ጠርሙስ አስበጁ። ቁመቱ አጭር ነው። ወፍራምና ከባድ ነው። ሁለት ጎኑ ጠፍጣፋ ስለሆነ ቢወድቅም አይንከባለልም። ክዳኑ በጥምዝ ጥብቅ ብሎ ስለሚዘጋ ቢገለበጥም ላምባው አይፈስም። ለዚህ ሥራቸው በ1998 ሮሌክስ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ።

ከዚህ የምንማረው አለ። የተሻለ መብራት እስክናገኝ ድረስ ኩራዝ የሚያበራ ቤት ቢያንስ እነዚህን ይጠንቀቅ፦

ኩራዙ አጭር፣ መቀመጫው ሰፊና ከባድ ይሁን። ክዳኑ በጥምዝ የሚዘጋ ይሁን።

ኩራዝ ከቶ አጎበር ውስጥ አይግባ። በአልጋ አጠገብና በአገዳ አጠገብም አይቀመጥ።

ላምባ ሲጠፋ ቤንዚን አይጨመርበት። ቤንዚን ይፈነዳል።

እየበራ ላምባ አይቀዳበት። መጀመሪያ አጥፉት፤ ይቀዝቅዝ።

ላምባ በውሃ ፕላስቲክ አይቀመጥ። ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ሕፃን ላምባ ቢጠጣ እንዲያስመልሰው አታድርጉ። ሲያስመልሰው ላምባው ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ሰው ቢቃጠልስ? ልብሱ ከነደደ አስተኙትና አንከባሉት፤ ወይም በጋቢ ሸፍናችሁ አጥፉት። ከዚያ የተቃጠለውን ቦታ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል አጥቡት። ቅቤ፣ ጭቃ፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡት። ከቆዳ ላይ የተጣበቀ ጨርቅ ወይም አጎበር ካለ አትጎትቱት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ይህ ሁሉ ግን ጥንቃቄ ነው። ሰው ደግሞ ይደክመዋል፤ እንቅልፍ ይጥለዋል። እሳት የሌለበት መብራት ቢገኝ ይሻላል።

ለሬዲዮ የሞተ ድንጋይ

በማግሥቱ አባወራውና ልጅቱ ገበያ ይወርዱ ነበር። አብረናቸው ሸዋ ሮቢት ሄድን። እዚያ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግን አንድ ወጣት ነበር። ነገሩን አጫወትነው። ልጁ ሳቅ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ካርቶን አወጣ። ውስጡ የተጣለ የባትሪ ድንጋይ ሞልቷል።

«አባባ፣ ይህ ድንጋይ ለሬዲዮ ሞተ እንጂ ለመብራት አልሞተም» አላቸው።

እንዴት? የድሮው የእጅ ባትሪ አምፖል ውስጡ ቀጭን ሽቦ ነበረ። ሽቦው ግሎ ነው የሚያበራው። ስለዚህ ብዙ ጉልበት ይበላል። አሁን ግን ኤል ኢ ዲ የምትባል ትንሽ አምፖል አለች። የአተር ፍሬ ታክላለች። ሁለት ቀጭን እግሮች አሏት። ሳትግል ታበራለች። ስለዚህ በጣም ጥቂት ጉልበት ይበቃታል። ሬዲዮ ማናገር ያቃተው ድንጋይ እሷን ለብዙ ማታ ማብራት ይችላል። ከተበላሸ የእጅ ባትሪ ውስጥ ፈልቅቆ ማውጣት ይቻላል፤ ጠጋኞችም ይሸጧታል።

ወጣቱ ሊሠራልን እጁን ሲዘረጋ አባወራው ከለከሉት። «አንተ ንገራት፤ እሷ ትሥራው። ነገ ቢበላሽ አንተ ዘንድ አንመላለስም» አሉት። ልጅቱ ቁጭ ብላ ሠራችው። እናንተም እንድትሠሩት፣ የሠራችውን በተራ እንጻፈው።

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ፣ 3
ኤል ኢ ዲ አምፖል፣ 1
ሬዚስተር፣ 1
ክንድ ክንድ የሚያህል ቀጭን ሽቦ፣ 2
ናስትሮ
ትንሽ ካርቶን
ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ጎማ
ባዶ የሳልሳ ጣሳ

ሬዚስተር ምንድን ነው? የሩዝ ፍሬ የምትመስል፣ ቀለም ቀለም መስመር ያለባት ትንሽ ዕቃ ናት። ሥራዋ የድንጋዩን ጉልበት ገታ ማድረግ ነው። ውሃ ወደ መደብ ስንለቅ ቦዩን በአፈር ጠበብ እንደምናደርገው ማለት ነው። ያለ እሷ ሦስት ድንጋይ ቢገናኝ አምፖሏ ትቃጠላለች። ጠጋኙን «የ68 ኦም ሬዚስተር ስጠኝ» በሉት። እሱ ከጠፋ የ100 ኦምም ይሆናል፤ ብርሃኑ ትንሽ ይቀንሳል።

አንደኛ። ሦስቱን ድንጋዮች በአንድ መስመር ደርድሩ። ድንጋዩ አንድ ጫፉ ጉብ ያለ ነው፤ ሌላው ጫፉ ልሙጥ ነው። የአንዱ ጉብታ የሌላውን ልሙጥ ይንካ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይዩ። ልክ በሬዲዮ ውስጥ እንደምንደረድረው ነው።

ሁለተኛ። በካርቶን ጠቅልሏቸው። ጥብቅ ይበል። በናስትሮ እሰሩት። አሁን እንደ ዱላ ቁራጭ ሆነ።

ሦስተኛ። የሁለቱን ሽቦዎች ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ላጡ። የተላጠውን እንደ ሳንቲም ክብ አድርጋችሁ ጠቅልሉ። አንዱን ክብ በጉብታው ጫፍ፣ ሌላውን በልሙጡ ጫፍ ላይ አድርጉ። ከዚያ የካላማዳሪያውን ጎማ በቁመቱ ዙሪያውን ወጥሩበት። ጎማው ሁለቱን ሽቦዎች ድንጋዩ ላይ ተጭኖ ይይዛቸዋል። በዚህ ጊዜ የሁለቱ ሽቦዎች ሌላኛ ጫፍ እርስ በእርሱ እንዳይነካካ። ከተነካካ ሽቦው ይግላል፤ ድንጋዩም ያልቃል።

አራተኛ። የአምፖሏን እግሮች ተመልከቱ። አንዱ ረጅም ነው፤ አንዱ አጭር ነው። ረጅሙን እግር ከሬዚስተሩ አንድ ጫፍ ጋር ጠምዝዙ። የሬዚስተሩን ሌላ ጫፍ ከጉብታው በመጣው ሽቦ ጋር ጠምዝዙ። አጭሩን እግር ከልሙጡ በመጣው ሽቦ ጋር ጠምዝዙ። ሁለቱን መጋጠሚያ ለየብቻ በናስትሮ ጠቅልሉ።

አምስተኛ። የጣሳውን ቂጥ በምስማር ብሱ። አምፖሏን በቀዳዳው አስገብታችሁ በናስትሮ አጥብቁ። የአምፖሏ እግር ቆርቆሮውን አይንካ። የጣሳው ውስጥ የሚያብለጨልጭ ስለሆነ ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ ታች ይልከዋል። የጣሳው አፍ ስለት ካለው በናስትሮ ሸፍኑት፤ እጅ ይቆርጣል።

ለማጥፋት አንዱን ሽቦ ከጎማው ሥር ማውጣት ይበቃል። ማብሪያና ማጥፊያ የገዛ ደግሞ ያንን ይግጠም።

ልጅቱ ሁሉንም አደረገች። አልበራም።

አባቷ «እኔ ምን አልኩ? የሞተ ሞተ ነው» አሉ። ወጣቱ ግን «እግሯን አገላብጪው» አላት። ረጅሙና አጭሩ ተምታተውባት ነበር። ኤል ኢ ዲ እንደ ግልባጭ ልብስ አይደለችም፤ ፊትና ኋላ አላት። ልጅቱ ናስትሮውን ፈታች፤ እግሮቹን አቀያየረች፤ እንደገና አሰረች።

በራ።

«እሰይ!» አሉ አባቷ። በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ መሐል።

እናንተም ሠርታችሁ ባይበራ አትደናገጡ። መጀመሪያ የአምፖሏን እግር አቀያይሩ። ቀጥሎ ከድንጋዮቹ አንዱ ተገልብጦ እንደሆነ እዩ። ቀጥሎ ሽቦው ድንጋዩን በደንብ መንካቱን እዩ፤ ዝገት ካለ ፋቁት። እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ካልበራ ድንጋዩ በእውነት አልቋል፤ ለውጡት።

ስንት ማታ ያበራል? ድንጋዮቹ አዲስ ከሆኑ፣ በየማታው ሦስት ሰዓት ቢበራ ከአንድ ወር በላይ ይሄዳል። አሮጌ ከሆኑ እንደ ድካማቸው ነው። አንድ አምፖል ቤቱን ሁሉ አያበራም። ደብተር ላይ ዝቅ አድርጋችሁ ስትሰቅሉት ግን ለማንበብ ይበቃል። ሁለት ድንጋይ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ያለ ሬዚስተር ሊያበራት ይችላል። ብርሃኗ ግን ቶሎ ይደክማል።

ያለቀውን ድንጋይ እሳት ውስጥ አትጣሉት፤ ሊፈነዳ ይችላል። እርሻና ምንጭ አጠገብም አትጣሉት። ለሕፃን መጫወቻ አትስጡት። የሚያዥ ድንጋይ እጅ ይበላል። በአንድ ጣሳ ሰብስባችሁ ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡ።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለን። የስልክ ባትሪ አትፈልቅቁ፤ አትብሱ። እንደ ላምባ ይነዳል። ከከተማ መብራት ሽቦም ጋር ይህን ሥራ አታገናኙት። የድንጋይ ጉልበት ትንሽ ስለሆነ ሰው አይገድልም፤ የመስመሩ ግን ይገድላል።

ፀሐይዋ የእኛ ናት

ድንጋይ ያልቃል፤ ይገዛል። ፀሐይ ግን በይፋት ቆላ አታልቅም። መንግሥት በ2010 ዓ.ም. ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ማዳረሻ ዕቅድ አውጥቶ ነበር። በፈረንጅ 2025 ላይ ከመቶው 65 ቤቶች በመስመር፣ 35ቱ ደግሞ ከመስመር ውጭ፣ እንደ ፀሐይ ባለ ኃይል መብራት እንዲያገኙ ታስቦ ነበር። ያ ዓመት ደርሷል። ዛሬም ብርሃን ያልገባባቸው ብዙ ቤቶች አሉ። መስመሩን እየጠበቁ ጨለማ ውስጥ መቀመጥ ግን አያስፈልግም።

የእጅ የሚያህል የፀሐይ ሰሌዳ ያለው ትንሽ መብራት በየገበያው ይሸጣል። ሰው «ሶላር» ይለዋል። በአንድ ጊዜ ለማውጣት የሚከብደው ሰው ከጎረቤቶቹ ጋር እቁብ ይግባ። በየወሩ አንድ ቤት ያበራል። ያን የ52 ጠርሙስ ሒሳብ አስታውሱ!

አያያዙን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ሰሌዳው ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ይይ። የግራር ጥላ በከፊል እንኳ ቢያርፍበት ጉልበቱ በጣም ይቀንሳል። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ጣራ ላይ ከሆነ ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል ይበል፤ የዝናቡ ውሃም ይወርድለታል። ሰሌዳውና መብራቱ በሽቦ የሚለያዩ ከሆነ፣ መብራቱን ፀሐይ ላይ አትተዉት። ውስጡ ባትሪ አለ፤ ሙቀት ያበላሸዋል። ስትገዙ ዋስትና ያለውን ጠይቁ። ደረሰኝ ያዙ። አሁን ማንበብ ትችላላችሁና የተጻፈበትን አንብቡ።

ቀን ጨለማ ለሆነ ቤት

ቀንም ቢሆን መስኮት የሌለው ቤት ጨለማ ነው። ቤታችሁ ቆርቆሮ ክዳን ከሆነ ለዚህም መላ አለው። በብራዚል አገር አልፍሬዶ ሞዘር የሚባል መካኒክ ነበር። በፈረንጅ 2002 አገሩ መብራት ሲጠፋበት፣ ሁለት ሊትር የሚይዝ ፕላስቲክ ውሃ ሞልቶ በጣራው ቀዳዳ ውስጥ ሰካው። ውሃው የፀሐይዋን ብርሃን ተቀብሎ በቤቱ ውስጥ በተነው። በኋላ ይህ ዘዴ በፊሊፒንስ ብዙ ቤቶች ዘንድ ደረሰ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ንጹሕ የውሃ ፕላስቲክ፣ እኛ ሃይላንድ የምንለውን፣ በንጹሕ ውሃ ሙሉት። ውሃው እንዳይሻግት ሁለት ቆርኪ በረኪና ጨምሩበት። ክዳኑን ጥብቅ አድርጉ። ቆርቆሮውን በፕላስቲኩ ውፍረት ልክ ብሱ። ሲሦው ከጣራው በላይ፣ የቀረው በቤቱ ውስጥ ይሁን። ዝናብ እንዳያስገባ ዙሪያውን በሬንጅ ወይም በሲሊኮን ድፈኑት። ይህ መብራት ማታ አይሠራም። የሣር ክዳንም ላይ አይሆንም። ቀን ግን እንጀራ ለምትጋግር እናት ዓይኗን ያሳርፍላታል።

ወደ ቤቱ ስንመለስ

ያን ዕለት ማታ ከአባወራው ቤት አደርን። ልጅቱ ጣሳዋን በገመድ ከአልጋው አናት ላይ፣ አጎበሩ ውስጥ ሰቀለችው። እናቷ መጀመሪያ ፈሩ። ተነሥተው ጣሳውን በመዳፋቸው ነኩ። አልገለም። ክሩን ነኩ። አልገለም። «ይህ ምን ዓይነት መብራት ነው? አይሞቅም እኮ!» አሉ።

አጎበሩ ተዘረጋ። ትንኙ ከውጭ ቀረ። ልጅቱ ከውስጥ ሆና ማንበብ ጀመረች። አባቷ ትንሽ ቆይተው ከደጃፉ አጠገብ ካለው ሣጥን አንድ የተጣጠፈ ወረቀት አወጡ። ይህችን ጋዜጣችንን ነበር፤ የቆየ እትም ነው። ወደ አጎበሩ ጠጋ ብለው ተቀመጡ። ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ አንድ ቃል አነበቡ። ተሳሳቱ። ልጅቱ ከውስጥ አረመቻቸው። እንደገና አነበቡት።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል የአገራችን ሰው። ለዚያች ልጅ ቅጠሉ ዘግይቶ መጣ። ለእናንተ ልጆች ግን ገና ጊዜ አለው። ዛሬ ማታ ኩራዛችሁ የት እንደተቀመጠ ተነሥታችሁ እዩ።

ተወያዩበት

1. በቤታችሁ ኩራዝ የሚቀመጠው የት ነው? ሕፃን ይደርስበታል?

2. በዓመት ለላምባ የምታወጡት ስንት ነው? በደብተራችሁ አስሉት።

3. ከጎረቤቶቻችሁ ሬዲዮ የሚጠግን ወይም ቆርቆሮ የሚሠራ ማን አለ? ይህን መብራት አብራችሁ ብትሠሩት ማን ምን ያመጣል?

4. ሰው ሲቃጠል በመንደራችሁ ምን ይቀቡታል? ከዚህ በኋላስ ምን ታደርጋላችሁ?